ከመረቡ ሥር የተነጠፈ ቅጠል

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ወደ ቦንጋ ሄጄ ከመናኸሪያው ባጃጅ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ አሁን የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች፤ ዳቦ ልትጋግርበት ይሆናል። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቅጠሉ ይታጠፍና ሽታው ይወጣል፤ እርጥብ፣ ጥሬ፣ ትንሽ መረር ያለ ሽታ። ሴትየዋ ፊቴን አየት አድርጋ "ጠበበሽ እንዴ? ላስጠጋልሽ?" አለችኝ። የለም አልኳት። ግን ሳልደርስ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሌላ ሰው ያ ሽታ ዳቦ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ አምስተኛ ክፍል የተማርኩበትን ዓመት ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ሙዚየም የተከፈተበትንና አባቴ የጎበጠበትን ዓመት።

እኛ ማንጆ ነን። ዛሬ እንዲህ በአንድ ቃል እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ቃሉን ሰው ፊት ማንሳት ያስጨንቀን ነበር። አያቶቻችን በከፋ ጫካ አዳኞች ነበሩ። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ እየተባለ ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ ቤቱም አያስገባቸውም። አባቴ ጉሬዛ ቀምሶ አያውቅም። ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ጭራሽ ጠላ እንኳን ትቷል። ቢተውም ባይተውም የሚቆመው ግን ያው ደጅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል ይዘን ከሰፈራችን ወደ ቦንጋ እንወጣለን። እሱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ፣ እኔ አንዲት ትንሽ ጆንያ። ደንበኛችን እትዬ በላይነሽ የሚባሉ፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ደግ ናቸው፤ እጃቸው አይሰስትም። ከሰሉን አጥራቸው ሥር ካስቀመጥን በኋላ ጓሮ ገብተው አንድ የእንሰት ቅጠል ይቆርጡና ከበራቸው ውጪ መሬት ላይ ዘርግተው ቆጮና ጎመን ያስቀምጡልናል። ውኃ ሲጠማን ደግሞ ቅጠሉን እንደ ኩባያ አጥፈን እንይዝላቸውና ከላይ ያፈሱልናል።

የእሳቸው ልጆች የሚጠጡት አፉ በተሰነጠቀ አንድ የጣሳ ኩባያ እየተቀባበሉ ነው። እኔ እሱን እያየሁ አዝንላቸው ነበር። አንድ ቀን ቤት ገብቼ እናቴን "ለልጆቻቸው ያደፈ ኩባያ፣ ለእኛ ሁልጊዜ አዲስ ቅጠል! በጣም ነው የሚያከብሩን" አልኳት። እናቴ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። አባቴ ግን "አዎ፣ አዲስ ነው" አለኝ።

ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነበርኩ። መጨረሻ ዴስክ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ረጅም ስለሆንኩ ነው ብዬ አምን ነበር፤ በርግጥም ረጅም ነበርኩ።

ቲቸር ሐዋ የመጣችው በዚያ ዓመት መስከረም ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ከታላቅ እህቴ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ። ኅብረተሰብ ልታስተምረን ገብታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

"አንቺ ለምንድን ነው ብቻሽን?"

"ረጅም ስለሆንኩ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ሐዋም ሳቋ መጣ፤ በምን እንደሳቁ ግን እሷም እንደኔ አልገባትም። "ነይ ወደ ፊት፣ የኔ እናት። ጥቁር ሰሌዳ የሚያጠፋልኝ ረጅም ሰው እፈልጋለሁ" ብላ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ሰላም አጠገብ አስቀመጠችኝ። ሰላም ተነሥታ ዴስኩ ጫፍ ድረስ ተጠጋች። እንዲመቸኝ ቦታ የለቀቀችልኝ መስሎኝ አመሰገንኳት።

ጥቅምት ላይ ቲቸር ሐዋ ከባህል ጽሕፈት ቤት አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሰው ይዛ ክፍላችን መጣች። አቶ መኩሪያ ሲናገሩ እጃቸውን የሚያፍተለትሉ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይወዱ ሰው ናቸው። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ሙዚየም ሊሆኑ ነው አሉን። ክፍሎቹን ጽሕፈት ቤቱ ያዘጋጃል፤ ዕቃውን ተማሪው ከየቤቱ ያመጣል፤ የዕቃው ባለቤት ክፍል መጥቶ ታሪኩን ይነግረናል። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይመረቅና ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ የየትምህርት ቤቱ ልጅ እዚያ ሄዶ ይማራል። ዕቃውን ያመጣው ልጅ ደግሞ ራሱ አስጎብኚ ሆኖ ያስረዳል።

"የሁላችሁም ዕቃ ነው የሚገባው" አሉ አቶ መኩሪያ። "ሁሉም እኩል የሚታይበት ቤት ይሆናል።"

እኔ ሙዚየም አይቼ አላውቅም። ሙዚየም ማለት ማንም ሰው በበሩ ዝም ብሎ የሚገባበት ቤት ማለት መሰለኝ። ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

እኛ ቤት ከቆጡ ላይ አንድ የአደን መረብ ነበር። ከእንሰት ቃጫ የተሠራ፣ ጭስ ያጠቆረው፣ ከባድ። የአባቴ አያት ናቸው የሠሩት። በከፋ ንጉሥ ዘመን ኬላ ጠባቂ ነበሩ፤ ጫካው ሰላም ሲሆን ደግሞ በዚያ መረብ ያድኑ ነበር። አደን ከተከለከለ ቆይቷል፣ አባቴም አድኖ አያውቅም። ሆኖም ዝናብ ሲያባራ መረቡን አውርዶ ያራግፈዋል፣ የላላውን ቋጠሮ ያጠብቃል፣ የተበጠሰውን ይቀጥላል። እናቴ "ምን ልትይዝበት ነው?" እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ግን ያን ቀን ከሰል አያከስልም፣ እንጨት አይፈልጥም፤ ቁጭ ብሎ ቋጠሮ ነው።

የቲቸር ሐዋን መልእክት ስነግረው እጁን ከሥራው ላይ አነሳ።

"የእኛንም?"

"የሁላችሁም ብለዋል።"

"ማንጆ መሆናችንን ታውቃለች?"

"አባዬ ደግሞ! ቲቸር እኮ ናት፣ ሁሉን ታውቃለች።"

በሳምንቱ ለጸሎት ብቻ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ፣ መረቡን ተሸክሞ ትምህርት ቤት መጣ። የክፍሉ በር ላይ ሲደርስ እንደልማዱ ቆመ። ቲቸር ሐዋ "ይግቡ እንጂ፣ ጋሽ አዲሎ!" አለችው። አባቴ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ጋሽ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም እስከዚያ ቀን። ማንም እንደሌለ ሲያውቅ ኮቱን አስተካክሎ ገባ።

"እኔ አማርኛ ብዙ አይችልም" ብሎ ጀመረ። "ከፍኛ ይናገራል፣ ልጄ ይነግራችኋል።" እሱ ሲናገር እኔ ተረጎምኩ። ቀጥሎ መረቡን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋው። ልጆቹ ዳር ዳሩን እንዲይዙለት ጠየቀ። ሦስት አራቱ ያዙ፣ የቀሩት እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። የፈሩ መሰለኝ። አውሬው ሲመጣ ሰው ትንፋሹን እንዴት እንደሚውጥ፣ ውሻው ሲጮህ ማን ከየት እንደሚሮጥ እያሳየ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አጎንብሶ አደፈጠ፤ ከዚያ ድንገት ብድግ አለ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ደነገጠና ሳቀ። አባቴ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት። ከማንም ሰው አጥር ሥር እንደዚያ ቆሞ አያውቅም ነበር። ቁመቴን ከማን እንደወረስኩ ገባኝና ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ኅዳር ሲገባ ዕቃው ሁሉ ተሰበሰበ። ቅሎች፣ የእንጨት ገበታ፣ ጋሻ፣ የማር ቀፎ፣ የእትዬ በላይነሽ አባት የሚጠጡበት የነበረ የቀንድ ዋንጫ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ባህል ጽሕፈት ቤት መወሰድ ነበረበት። ቲቸር ሐዋ መያዣ ፈልጋ አጣች። ዞር ስትል መረቡን አየችው።

"ይኸውና! ከዚህ የተሻለ ከረጢት ከየት ይመጣል?" አለች።

ቅሎቹን፣ ገበታውን፣ ዋንጫውን፣ ሁሉንም የአባቴ መረብ ውስጥ ከታ አፉን አሰረችው። እኔና እሷ በእንጨት አንጠልጥለን በቦንጋ ዋና መንገድ ተሸክመነው ሄድን። የከተማው ሁሉ የከበረ ዕቃ በእኛ መረብ ውስጥ ነው! ሰው ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴት ከሱቋ ደጃፍ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። ተደንቃ ነው ብዬ ፈገግ አልኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ከሰላችንን ይዘን ስንመጣ እትዬ በላይነሽ ሱቃቸው አልነበሩም። ባህል ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሰው ተሰብስቦ ይጮሃል። አጥሩ ጋ ቆመን ሰማን።

"የአባቴን ዋንጫ!" ይላሉ እትዬ በላይነሽ። "አምኜ ብሰጥ ከምኑ ጋር ነው የደባለቃችሁት? ከእንግዲህ ማን ይጠጣበታል?"

"እትዬ፣ ሙዚየም ውስጥ እኮ ማንም አይጠጣበትም" አለች ቲቸር ሐዋ።

"እርስዎ የሰው አገር ሰው ነዎት፣ አያውቁም። አልፈርድብዎትም።"

ሌሎቹም ወላጆች ዕቃችንን መልሱ ይላሉ። አቶ መኩሪያ እጃቸውን እያፍተለተሉ በመሃላቸው ይዞራሉ። ምን እንደተፈጠረ አባቴን ልጠይቀው ቀና ስል ፊቱን አየሁትና ተውኩት። ከሰሉን አንሥቶ "እንሂድ" አለኝ። ያን ቅዳሜ የሸጥነው ለማናውቀው ሰው ነው።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ሰላም ነገረችኝ። ክፋት የለባትም፤ የማላውቀውን ትምህርት እንደምታስረዳኝ ነበር የነገረችኝ።

"እናንተ የነካችሁትን ሰው አይነካም እኮ። የበላችሁበትን ቅጠልስ? ከሄዳችሁ በኋላ እናቴ በእንጨት እየገፋን ቦይ ውስጥ እንድንከተው ነው የምታደርገን። ላም እንኳን እንዲበላው አትፈቅድም።"

ስንት ቅዳሜ፣ ስንት ቅጠል ትዝ አለኝ። ሁሉም ላይ ጠግቤ፣ ሁሉም ላይ ኮርቼ ነበር። እናቴ ለምን ፊቷን ወደ እሳቱ እንዳዞረች ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴስኩ ላይ እኔ ራሴ ወደ ጫፉ ተጠጋሁ። ሰላም እንዲመቻት።

አቶ መኩሪያ ነገሩን አበረዱት። ወላጆቹን አነጋግረው፣ ዕቃው በሙሉ እንዲታጠብ አድርገው፣ ምረቃው እንዲቀጥል አስማሙ። አባቴንም ገበያ ዳር ፈልገው አገኙት።

"ጋሽ አዲሎ፣ የእርስዎም ዕቃ ይገባል። መንግሥት አድልዎ አይፈቅድም፤ ዘመኑ የእኩልነት ነው" አሉት። "ቦታው ብቻ ትንሽ ለየት ይላል።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ አባቴ።

የምረቃው ዕለት ባንዲራው ተሰቅሏል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ራቅ ካሉት ከዋጫና ከደካ ሳይቀር ሰው መጥቷል። የማስረዳውን በቃሌ አጥንቼ ነበር። ከመተኛቴ በፊት ስለው፣ እንጨት ስለቅም ስለው ከርሜ ውኃ ሆኖልኛል። አባቴ ኮቱን ለብሶ ከኔ ጋር መጣ፤ ግን ክፍሉ ሞልቷል ብሎ መስኮቱ ጋ ከውጪ ቆመ።

ገብቼ መረባችንን ፈለግኩ። የሌላው ዕቃ በረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ አቡጀዲ ተነጥፎለት ተደርድሯል። ዋንጫው መሃል ላይ ነው። የእኛ መረብ ወዲያ ጥግ፣ ብቻውን፣ አንዲት ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ አሁን የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎለታል።

ቲቸር ሐዋ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ደስ ብሏታል።

"አየሽ? የሌላው ተራ ጨርቅ ላይ ነው። የእናንተ ብቻ ትኩስ ቅጠል ላይ! እንዴት ያምራል!"

ቀና ብዬ አየኋት። ከልቧ ነው። እኔ ከወር በፊት እንደዚያ ነበርኩ። ልነግራት ፈለግኩና አፈርኩ፤ የሚያፍረው ለምን እኔ እንደሆንኩ ዛሬም አላውቅም።

እንግዶቹ እየጎበኙ መጡ። ሰላም ስለ ዋንጫው ተናገረች፣ ተጨበጨበላት። እኔ ጋ ደረሱ። "ይህ መረብ ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ኬላውም፣ ስለ ንጉሡም፣ ስለ ቅድመ አያቴም ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ቅጠሉ ሸተተኝ። ከመስኮቱ ውጪ አባቴ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ያጠናሁትን አብሮኝ ሸምድዶት ኖሯል፣ ሊያስታውሰኝ ነው። እንግዶቹ ትንሽ ጠበቁኝ፤ አንዱ "ጎበዝ" አለኝና አለፉ።

የእንሰት ቅጠል አንዴ ከተቆረጠ አይበረክትም። በሳምንቱ ቡኒ ሆኖ ተጨማደደ። እንዲቀየር ደግሞ መረቡን ማንሣት ያስፈልጋል፣ መረቡን የሚያነሣ ሰው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ አቶ መኩሪያ እንደገና አባቴን ገበያ ዳር አገኙት።

"ጋሽ አዲሎ፣ እርስዎ ራስዎ ቢቀይሩት ምን ይመስልዎታል? ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ በጓሮው በር። ዘበኛው ይከፍትልዎታል።"

አባቴ እሺ አለ። ማታ ለእናቴ ሲነግራት "ያስገቡኛል እኮ!" አላት። እናቴ "ምን ልትሠራ?" ብላ ጠየቀችው።

እንደዚያ ሆነ። ቅዳሜ ከመንጋቱ ከገዛ ጓሯችን አንድ ቅጠል ይቆርጣል። እሱ ከሰሉን ይሸከማል፣ እኔ ቅጠሉን ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ እከተለዋለሁ፤ ልብሴ ቦንጋ እስክደርስ ሽታውን ይጠጣል። በጓሮው በር እንገባለን። አባቴ መረቡን ሕፃን እንደሚያነሣ ሰው በሁለት እጁ ያነሣዋል፣ እኔ የደረቀውን አውጥቼ አዲሱን አነጥፋለሁ። ሲያስቀምጠው ጎንበስ ይላል። በጓሮው በር ስንወጣም ጎንበስ ብሎ ነው፤ በሩ ዝቅተኛ ነው። ያ ክፍላችን ውስጥ ያየሁት ቀጥ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ዓርብ ዓርብ ተማሪዎች እየተሰለፉ መጡ። ዋንጫውን አዩ፣ ቀፎውን አዩ፣ ጥጉንም አዩ። አስጎብኚው ምንም ባይናገር ጨርቁንና ቅጠሉን አይተው ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቁታል። ትምህርት ቤታችንና ሙዚየሙ ተባብረው ለልጅ ያስተማሩት እሱን ነው፤ አስተምረዋልም።

ቲቸር ሐዋ አንድ ቀን ማን እንደነገራት እንጃ አወቀች። በግማሽ ዓመት ዕረፍት ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ስትሰናበተኝ አቅፋኝ "ያን ቀን ቅጠሉ ያምራል ያልኩሽ..." ብላ ቀሪውን መጨረስ አቃታት። እኔም አላገዝኳትም።

ሚያዝያ ላይ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። እንደወትሮው ቅጠሉን አቅፌ በጓሮው በር ብንደርስ ዘበኛው አልከፈተልንም። ክፍሎቹ ለገበሬ የሚከፋፈል ማዳበሪያ ማከማቻ ሆነዋል አለን። ሰው ሁሉ ዕቃውን ትናንት መጥቶ ወስዷል። "የእናንተ እዚያ ነው" ብሎ በአገጩ አሳየን።

መረቡ ግቢው ውስጥ፣ ከክዳኑ ጠፈጠፍ ሥር፣ ጭቃ ላይ ተጥሏል። ውኃ ጠጥቶ አብጧል። በእንጨት እየገፉ ያመጡበት መንገድ ጭቃው ላይ ይታያል። አባቴ አሁን ይጮሃል፣ አሁን አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጁን ወደኔ ዘረጋ። "ቅጠሉን አምጪ" አለኝ።

ሰጠሁት። ደረቅ ቦታ ፈልጎ በረንዳው ላይ ቅጠሉን ዘረጋ፤ ዳር ዳሩን በመዳፉ አስተካከለ። መረቡን ከጭቃው አንሥቶ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠና ውኃውን ይጨምቅ ጀመር። ዘበኛው ሄዷል። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም።

"አባዬ፣ ማንም እኮ አያየንም" አልኩት። "ቅጠሉ ለምንድን ነው?"

ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

"የሰው በረንዳ እንዳይቆሽሽ ነው" አለ።